ያለ እልልታ የተወለደች

ሰሞኑን በሬዲዮ አንዲት እናት ስትመሰክር ሰማሁ። ያለ መርፌና ያለ መድኃኒት፣ በተፈጥሮ ምጥ፣ በጸሎት ብቻ ተገላገልኩ እያለች ነው። ባሏ እጇን ይዞ መዝሙር ይዘምርላት ነበር አሉ። ደስ ይበላት። እኔም ያለ መርፌና ያለ መድኃኒት ነው የወለድኩት። ጸሎቱን ግን ከለከሉኝ።

ነገሩ የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሐምሌ እንደገባ ነው። የምጡን ሕመም ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላም ሕመም አይቻለሁ። ያልረሳሁት ሰዎቹን ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ከሚወስደው መንገድ ገባ ባለ የደጋ ቀበሌ፣ በባሌ እናት ቤት ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። የእኔ እናት ግን በልጅነቴ ስለሞተች የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ባሌ ሙሉቀን ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ነበር። ለመስቀል ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ የደመራው አመድ ሳይበርድ ተመለሰ። እሱ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ማርገዜን አወቅሁ።

አማቴ የባሌን መምጫና መሄጃ በልባቸው ይዘዋል። ወር ሲቆጥሩ የሚያህላቸው አልነበረም፤ የላም እርግዝና እንኳ ቀኑን አይስቱም። ለእኔም ቆጠሩልኝና ልጁ በሰኔ አጋማሽ ይወለዳል አሉ። ሰኔ አጋማሽ መጥቶ ሄደ። እኔ ሆዴን ተሸክሜ ውኃ እቀዳለሁ፣ አማቴ ደጃፍ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሰኔ አለቀ። በማየት ብቻ ሰው ሊያቆስሉ የሚችሉ ሴት ነበሩ። «አማቴ» እያልኩ በአክብሮት የማወራው ስለምወዳቸው አይደለም፤ አፌ አንቱታውን ለምዶት ነው።

የጠረጠሩት ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር። በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ተከፍቶ ከደብረ ታቦር አንድ ወጣት አስተማሪ ተልኮልን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴቱም ወንዱም ዛፍ ሥር እየተቀመጠ ፊደል ይቆጥራል። ቀበሌው ያልተማረ ይቀጣል ስላለ አማቴ ሊያስቀሩኝ አልቻሉም። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ወደድኩት፤ ይህን ጽሑፍ በገዛ እጄ የምጽፈው በዚያ ልጅ ምክንያት ነው። ከእኔና ከእሱ መሃል ከፊደል ገበታው በቀር የገባ ነገር አልነበረም። ስሜን የጻፍኩ ቀን «ጎበዝ» ብሎኛል። አማቴ ይቺን «ጎበዝ» ከሰው ሰምተው ከወሩ ቆጠራ ጋር አዛመዷት።

በዚያው ሰሞን ጌጡ የሚባል የመንደራችን ልጅ፣ ከሙሉቀን ጋር አንድ ጦር ውስጥ የሚያገለግል፣ ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ነበር። ከባሌ መልእክት አመጣልኝ። ሙሉቀን ማርገዜን ሰምቶ የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቷል አለኝ፤ ለፍልሰታ የፈቃድ ተራው ስለሚደርሰው ይመጣል፣ ልጁን ራሱ ያያል። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። አማቴ ግን «እዚያ ሆኖ ወር መቁጠሪያ የለው፤ መጥቶ ይቆጥራል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ጌጡ መመለሻው ደርሶ ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ መኪና መንገዱ ወጥቶ መኪና ይጠብቃል።

ምጡ ማለዳ ላይ ጀመረኝ። አዋላጇ እትየ ስንዱ ተጠሩ፤ በቀበሌው ያለውን ሰው ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ ደግ ሴት ናቸው፤ ሰው መጋፈጥ ግን አይሆንላቸውም። ሦስት አራት የጎረቤት ሴቶችም መጡ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ምሰሶውን አቅፌ፣ ሴቶቹ ከኋላ ደግፈውኝ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የክርስቲያን ሴት ምጥ እንዲህ ነው። ሕመሙ ሲመጣ ስሟ ይጠራል፣ ሲሄድ ስሟ ይጠራል፣ በመሃል ትንሽ ይተነፈሳል። እኔም አብሬ እጠራለሁ። እስከ ከሰዓት እንደዚያ ሆነን ዋልን፤ ልጁ ግን ፈቀቅ አላለም።

በማግስቱም ሳልወልድ ነጋ። በእኛ አገር ምጥ ሲጠና ሴቲቱ የደበቀችው ነገር አለ ይባላል። ትናዘዛለች። የሰረቀችው ካለ፣ የተጣላችው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁ የሌላ ከሆነ ትናገራለች፤ ያን ጊዜ ማህፀኗ ይፈታል ይላሉ። አማቴ ያን ማለዳ እፊቴ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«የማን እንደሆነ ተናገሪና ማርያም ትፍታሽ» አሉኝ።

የሙሉቀን ነው አልኳቸው። የሙሉቀን ቢሆን በሰኔ ይወለድ ነበር አሉ። እኔ የቻልኩትን ተናዘዝኩ። በጾም ወተት ቀምሻለሁ አልኩ። አንቱን በሆዴ ረግሜያለሁ አልኩ። የጎረቤት ዶሮ እኛ ጎተራ ሥር የጣለችውን እንቁላል ቀቅዬ በልቻለሁ አልኩ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አማቴ አልሳቁም።

«ማርያምን ሐሰተኛ ላይ አትጥሩብኝ» ብለው ሴቶቹን አዘዙ። «ቃሏን እስክትሰጥ ማንም አፉን እንዳይከፍት።»

ሴቶቹ ዝም አሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ሕመሙ ይመጣል፣ የሰው ድምፅ የለም። ይሄዳል፣ የሰው ድምፅ የለም። ዝናቡ ሣር ክዳኑን ሲመታ ብቻ ይሰማኛል። ብቻዬን ማርያም ስል ድምፄ እያፈርኩበት ይመለሳል፤ ስሟን የሰረቅሁ ነው የመሰለኝ። እትየ ስንዱ ጀርባዬን ያሻሉ፣ እንባቸው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግን እሳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ምክንያቱም አማቴ በዚያ ቀበሌ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ታናሽ ልጃቸው፣ ዋርሳዬ፣ የቀበሌው ታጣቂ ነው፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፍ ተቀምጧል።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አለ። በቃሬዛ ተሸክመው ቢነሱ ሳይመሽ ያደርሱኛል። እትየ ስንዱ ቀስ ብለው ይህንኑ አነሱ። አማቴ ለማን ልጅ ነው ወንድ የማስነሳው አሉ። ትናገር፣ ያን ጊዜ አባትየው ይሸከማት አሉ።

በመሃል አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አስተማሪው ነው ብልስ? አንድ ቃል ብቻ ነው። ሴቶቹ ማርያምን ይጠራሉ፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ያነሳሉ፣ እኔም እተርፋለሁ። ዞር ብዬ በበሩ ሳይ የዋርሳዬ ጠመንጃ ታየኝ። ያ ልጅ ያን ሰዓት ዛፍ ሥር ሆኖ ዝናቡ እስኪያባራ ተማሪ ይጠብቃል። የሱ ሕይወት በእኔ ምላስ ላይ ነበር። ምላሴን ነከስኩት፤ እውነቴን ነው፣ ደም እስኪወጣው ነከስኩት።

ከቀትር በኋላ ዘይነብ መጣች። ዘይነብ የደብረ ታቦር እስላም ናት፤ ባሏ ሸማኔ ነው። በየመንደሩ እየዞረች ለሴቶች ባዘቶ ትሰጣለች፣ የተፈተለውን ትሰበስባለች። እኔም እፈትልላት ነበር፤ ከዚያ በቀር ትውውቅ የለንም። ፈትሏን ልትወስድ ደጃፍ ደርሳ ቤቱ ውስጥ ምጥ መኖሩን አየች፤ ምጥ ያለበት ቤት ዝም ማለቱን ግን አልወደደችውም። እንግዳ ናት ብሎ ማንም ሳይከለክላት ዘው ብላ ገባች።

ሴቶቹን ምን ሆናችኋል አለቻቸው። አንዷ በሹክሹክታ ነገረቻት። ዘይነብ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ በክንዷ ደረቴን አቀፈችኝ። ትንባሆና እርጥብ ጥጥ ትሸታለች። ሕመሙ ሲመጣ ጆሮዬ ሥር ጮክ ብላ «ያ ፋጡማ፣ የነቢ ልጅ፣ ድረሽላት» አለች። እነሱ በምጥ የሚጠሩት እሷን ነው። እኔ ደንግጬ ዞር ብዬ አየኋት።

«አንቺ ማርያም በይ» አለችኝ። «እኔ የኔን እጠራለሁ። አንዷ ትሰማለች።»

አማቴ ከበርጩማቸው ተነሱ። እስላም በቤቴ ብለው ጀመሩ፤ ዘይነብ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም፤ የፋጡማን ስም መጥራቷን ቀጠለች። እኔ ማርያም አልኩ። ቀጥሎ እትየ ስንዱ በጣም ቀስ ብለው ማርያም አሉ። ከዚያ አንዷ ሴት፣ ከዚያ ሌላዋ። ቤቱ እንደገና ሰው ያለበት ቤት ሆነ። አማቴ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ፤ ፊታቸው የተናደደ ሳይሆን የተዋረደ ሰው ፊት ነበር። ያን ውርደት ማን እንደሚከፍልላቸው እኔ ገና አላወቅሁም።

ወደ ማታ ግድም ተገላገልኩ። ሴት ልጅ ናት። ስትወጣ ሰማያዊ ሆና ዝም አለች። ዘይነብ ከእትየ ስንዱ እጅ ተቀብላ አፏን በጣቷ ጠራርጋ፣ በእግሯ አንጠልጥላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ልጅቷ አንዲት የድመት ግልገል የምታህል ድምፅ አወጣች። ዝናቡ ስለከፋ እኔም በጭንቅ ነው የሰማኋት። እትብቷ ተቆረጠ፣ በነጠላ ተጠቅልላ ደረቴ ላይ ተቀመጠች። ሞቃት ነበረች።

አሁን እልል የሚባልበት ሰዓት ነው። ወንድ ሲሆን ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትሆን ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤት ሁሉ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ጥሎ ይቆጥራል፤ እናቲቱ መትረፏንም የልጁንም ጾታ በዚያ ነው የሚያውቀው። እልልታ ከሌለ ልጁ ሞቷል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም።

እትየ ስንዱ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። አማቴ ነጠላቸውን ይዘው ጎተቷቸው።

«በልጄ ቤት ለዲቃላ እልል አይባልም» አሉ።

ዘይነብ ይህቺን እናት እዩ እንጂ እናንተ ሰዎች አለች። እኔ እልል እላለሁ ስትል ዋርሳዬ ጠመንጃውን ይዞ ገባ። ምጥ ቤት ወንድ አይገባም፤ እሱ ገባ። ፈትልሽን ይዘሽ ውጪ አላት። ዘይነብ ተነሳች። ልትወጣ ስትል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ከቸገረሽ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባዘቶ ሻጯን ዘይነብን ብለሽ ጠይቂ ብላኝ ወጣች።

አማቴም የቀሩትን ሴቶች ወደየቤታችሁ ብለው አሰናበቷቸው፤ ቃል የተነፈሰ ከልጄ ጋር ይተዋወቃል አሏቸው። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጅቷና እትየ ስንዱ ብቻ ቀረን። እንግዴ ልጁ አልወጣም ነበርና እሳቸው ሆዴን ይዘው ከአጠገቤ መነሳት አልቻሉም። አማቴ ወጥተው ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ከጀርባቸው ይታዩኛል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው።

ዝናቡ አባራ። ራቅ ያሉት ጎረቤቶች ሁለት ቀን ያማጠች ሴት ቤት እልልታ ሳይሰሙ ቢቀሩ ሊጠይቁ መጡ። አማቴን እንደዚያ ሆነው አዩአቸው። አንዷ «ምነው፣ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች። አማቴ ዝም አሉ። ራሳቸውን እንኳ አልነቀነቁም፤ ዝም ብለው መሬት መሬት አዩ። ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሉ።

የገዛ ለቅሶዬን ተኝቼ ሰማሁት። «የሺዬ፣ እናት አልባዋ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሄድሽ ወይ» ይላሉ። አንዷ ስለ ፈትሌ ቅጥነት ታነሳለች፤ በሕይወቴ አንድ ቀን አመስግናኝ የማታውቅ ሴት ናት። እኔ አለሁ አልኩ፤ የለቅሶው ጩኸት ዋጠው። ልጅቷ ጡቴን ፈልጋ ያዘች። እትየ ስንዱ ሆዴን ይዘው «ወይኔ፣ ወይኔ» ይላሉ እንጂ መነሳት አይችሉም። ለቅሶው እየበረታ ሄደ። አማቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው «እግዜር ያጥናዎት» ሲባሉ ይሰማል። እግዜር ይስጣችሁ እያሉ ይቀበላሉ።

እንግዴ ልጁ ሲወጣ እትየ ስንዱ ደም በነካው እጃቸው ሮጠው ወጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ምን ታለቅሳላችሁ? ሁለቱም አሉ፣ ገብታችሁ እዩ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዳንዶቹ አፍረው ሹልክ ብለው ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ገብተው ማርያም ማረችሽ አሉኝ። አንዷ ድንጋጤው ሳቅ ሆኖባት መቆም አቃታት። አማቴ ማንም ምን ሳይላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ ከብቶቹን ሊያስገቡ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን የተናገረ ሰው የለም። መንደሩ አፍሮ ይመስለኛል።

የእኔ ነገር ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍልሰታን መጠበቅ። ሙሉቀን መጥቶ ልጁን አቅፎ የኔ ናት ካለ አማቴም መንደሩም አፋቸውን ይዘጋሉ። ካልመጣ አለቀልኝ። ጾሙ ገባ። በየቀኑ ልጅቷን ታቅፌ ወደ መንገዱ አያለሁ። ጾሙ ተፈታ። ሙሉቀን አልመጣም። አማቴ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«አየሽ?» አሉኝ። «እሱም ቆጠረው።»

አመንኳቸው። ምን ላድርግ? ሰው ልኬበት ነበር። ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሁሉ ሙሉቀንን ካገኘኸው ልጅ ተወልዳለች በለው እላለሁ። ጦሩ ቦታ ቀይሯል እየተባለ መልስ አይመጣም። ዘመድ የሌላት ሴት መውጣቷ ካልቀረ ተባርሬ ከምወጣ ብዬ ልጄን አዝዬ በገዛ እግሬ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ገበያ ዳር ባዘቶ ሻጯን ዘይነብን ብዬ ጠየቅሁ።

ዘይነብ ቤት ዓመታት ኖርኩ። ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋቸውን አልበላም፤ እሷም ለብቻዬ ድስት ገዝታ ሰጠችኝ፣ ልጆቿን እንዳትነኩባት ብላ ተቆጣች። ልጄ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሳ የለበሰችውን ነጭ ኩታ የሸመነው የዘይነብ ባል ነው። በማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኝተውን ተመለሱ። እኔ ያን ቀን ስለ ሙሉቀን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። አባቷ እያለ አባት የሌላት ልጅ አስጠመቅሁ ብዬ ነው የተቆጣሁት።

ደርግ በወደቀ ጊዜ የተበተነው ጦር በእግሩም በመኪናም እየጎረፈ ተመለሰ። አንድ ቀን ከመንደር ሰው ተላከብኝ። ነይ፣ ከነልጅሽ ነይ ተባልኩ። መርዶ መሆኑን ተላኪው ሳይነግረኝ አወቅሁ። በማለዳ ደረስን። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ለአማቴ መርዶው ተነግሯቸው ደረታቸውን እየመቱ ነው። ሙሉቀን ከሞተ ቆይቷል። ጌጡም ሞቷል።

ወሬውን ያመጣው አንድ እጁ የተቆረጠ የየጁ ሰው፣ ከባሌ ጋር በአንድ ምሽግ የኖረ ወታደር ነው። ወጉ ነውና ለቅሶው ጋብ ሲል እንዴት እንደሞተ እንዲናገር ሽማግሌዎቹ ጠየቁት። ሰውየው እኔን አያውቀኝም። ሴቶቹ መሃል ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀምጫለሁ። ቀስ እያለ ተናገረ።

ሙሉቀን ልጅ ሊወለድልኝ ነው እያለ ምሽጉን ሁሉ አሰልችቶን ነበር አለ። ለፍልሰታ የፈቃዱ ተራ የሱ ነበር። ከዚያ ጌጡ ከፈቃድ ሲመለስ መርዶ ይዞበት መጣ። ሚስቱ በምጥ ከነልጇ ሞተች፤ ጌጡ ለቅሶውን በመንገድ ሲያልፍ በገዛ ጆሮው ሰምቷል፣ ሰውም ጠይቋል።

«ሚስቴ ወደሌለችበት ቤት እንዴት ልሂድ? አንተ ሂድና እናትህን እያት አለኝ» አለ ሰውየው። «ተራውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ እናቴ ቤት ሳለሁ ነው ምሽጉ የተያዘው። ከዚያ የወጣ የለም።»

ከዚያም ዐይኑን ጠረገና፣ ብቻ እግዜር ይመስገን፣ አሁን ሚስቱንም ልጁንም በሰማይ አግኝቷቸዋል አለ።

አንዲት ሴት ከኋላ ተነስታ «ለጌጡ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ከረጢቱን አንግቶ ቆሞ ጠየቀኝ፣ ከነልጇ አልኩት» ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ኋላ መትረፌን ስትሰማ ሮጣ ልትመልሰው ወጥታ ነበር፤ መኪናው ሄዷል። አፍራ ለማንም አልተናገረችም። ወታደሩ ግራ ገባው። ቄሱ ናቸው ወደ እኔ ያመለከቱት።

«ሚስቱ እቻት» አሉት። «ጭኗ ላይ ያለችው ልጁ ናት።»

ሰውየው አየኝ፣ ልጄን አየ፣ የቀረችውን አንድ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔ አማቴን ነበር የማየው። ደረታቸውን መምታት አቁመዋል። ያን ቀን እልልታውን ማን እንደከለከለ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለቅሶውን ማን እንደተቀበለ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም ቃል አልወረወረባቸውም፤ ብቻ ከአጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ፈንጠር ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። አማቴ ወደ ልጄ እጃቸውን ዘረጉ። ልጄ አታውቃቸውምና አንገቴ ሥር ተወሸቀች።

ከለቅሶው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ ቄስ አስከትለው ደብረ ታቦር ዘይነብ ቤት ድረስ መጡ። በእኛ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ማባረር አይቻልም፤ መስቀልም ቆሟል። ብዙ አቆምኳቸው። ዘይነብ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ እኔ ፈትሌን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ድንጋዩን አነሳሁላቸው፣ ይቅር ብያለሁ አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። አሁን አማቴ በሕይወት የሉም። እግዜር ይቅር ይበላቸው፤ እሱ ይችላል፣ እኔ አልቻልኩም።

ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ምጡ ያዝንልኛል። በምጡ አይደለም የማዝነው። ልጄ ተወልዳለች፣ ጤነኛ ናት፣ እሷም ዛሬ እናት ሆናለች። እኔን የሚገድለኝ ያ ጾመ ፍልሰታ ነው። ባሌ ከምሽጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ እኔንና ልጁን ሲያለቅስ፣ እኔ እዚህ ልጁን እያጠባሁ፣ ካደኝ ብዬ በየቀኑ እረግመው ነበር።